ለቢቸናው ወጣት ስለ ባጊ ሰስፔንሽን የተሰጠው መልስ ይታረም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። የመኪና አምዳችሁን ከድሮ ጀምሮ ነው ማነበው፣ ባለፈው እትም ግን ያየሁትን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። አንድ የቢቸና ወጣት አሮጌ ቮልስ ገዝቶ፣ ቦዲውን አውልቆ ባጊ፣ ማለት ቦዲዋ ወልቆ የቀለለች ክፍት መኪና፣ እየሰራ እንደሆነ ጽፎ ለኮረኮንች የሚሆን ሰስፔንሽን፣ ማለት ጎማውን ይዞ የመንገዱን ምት የሚያበርደው ክፍል፣ ምን ልግዛ ብሎ ጠይቋችሁ ነበር። እናንተም መኪናዋን ከፍ አርጋት፣ ከፒካፕ የወጣ ጠንካራ ሞላ ግጠምላት፣ ጎማውን አተልቀው አላችሁት። ይሄ ልጅ ምክሩን ተቀብሎ ከሰራ ወይ መኪናዋ ትሰበራለች ወይ እሱ ይሰበራል። እኛ በዛው መንገድ ሄደንበት አይተነዋል።

በ2011 ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የአንድ ጡረተኛ መምህር ግቢ ውስጥ ስንት አመት የቆመች ቮልስ ገዛን፣ የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋባት ነበር፣ ጫጩቶቹ እስኪወጡ ሁለት ሳምንት ጠብቀን ነው የወሰድናት። ቦዲውን አውልቀን፣ ከላይ በቧንቧ ቀፎ በይደን፣ ሞተሯን አስነስተን ስናበቃ ሰስፔንሽኑ ላይ ስንደርስ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። እዛ የነበረው ሰው "ለኛ አገር መንገድ ጠንካራ ነው ሚያዋጣው" ብሎ ከኋላ የፒካፕ ሞላ ጨመረባት። ሞላው ሲረዝምበት ደግሞ በጋዝ አግሎ አሳጠረውና ውሃ ደፋበት። እኛም ልጆች ነን፣ ከፍ ብላ ስትታይ ደስ አለን።

ከማርቆስ ወደ የጁቤ ወጣን። መንገዱ እንደ ቆርቆሮ የተሸነሸነ ነው፣ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ምን ልበላችሁ፣ ድንጋዩ ሁሉ ጀርባችን ላይ ነው የሚያርፈው፣ ጥርሳችን ይንቀጫቀጫል፣ ፍሬን ስይዝ የኋላው ጎማ መሬት አይነካም፣ እየዘለለ ነው ሚሄደው። አንድ ቁልቁለት ኩርባ ላይ የቀኙ የኋላ ጎማ ተነሳ፣ ተመልሶ ሲያርፍ ወደ ውስጥ ታጠፈና መኪናዋ ቀስ ብላ ቦይ ውስጥ በጎኗ ተኛች። ቀበቶ ታስረን ነበር፣ ቀፎውም ያዘልን፣ ጓደኛዬ ግን የእጁ አንጓ ተሰብሮ ሁለት ወር በጀሶ ቆየ። ሞላውን ፈትተን ስናየው ለሁለት ተበጥሷል፣ የተበጠሰው ልክ ጋዙ ያረፈበት ቦታ ላይ ነው፣ ስብራቱ ፍርክስክስ ያለ፣ እንደ ጨው ሚያብለጨልጭ ነው። የሞላ ብረት ፋብሪካ ውስጥ በልኩ ተግሎ፣ በልኩ ቀዝቅዞ ነው ሞላ የሚሆነው። በጋዝ ካገላችሁት ይላላል፣ ውሃ ከደፋችሁበት ደግሞ እንደ ብርጭቆ ይሆናል። በእግዚአብሔር ስም ሞላ በጋዝ አታስነኩ።

አሁን ለምን እንደዛ ሆነ የሚለውን ልበል፣ ምክንያቱም ለልጁ ሚጠቅመው እሱ ነው። ቮልስ ከነቦዲዋ ወደ 800 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች፣ ሰስፔንሽኗም የተለካው ለዛ ነው። ቦዲውን፣ በሩን፣ መስታወቱን፣ ወንበሩን ስታወልቁ ግን የኛዋ 560 ኪሎ ሆነች። እንግዲህ ፋብሪካው የሰጣት ራሱ ለዚች ቀላል መኪና ጠንክሯታል ማለት ነው፣ እኛ ደግሞ የፒካፕ ሞላ ጨመርንባት። ጎማው ድንጋዩን ተከትሎ መውጣትና መውረድ ሲገባው መኪናዋን ይዟት ይነሳል። ባጊ ላይ ሚያዋጣው ማለስለስ ነው፣ ማጠንከር አይደለም። ይሄንን አምዳችሁ ገልብጦ ነው የነገረው።

ስለዚ ልጁ መጀመሪያ ምንም ነገር ሳይገዛ መኪናዋን ይመዝናት። ሚዛን ከየት ይመጣል እንዳትሉ፣ ቢቸና የጤፍ አገር ነው፣ ከእህል ነጋዴ መጋዘን መሬት ላይ የሚቀመጠውን ሚዛን መለመን ነው። አንዱን ጎማ ሚዛኑ ላይ ታወጣላችሁ፣ ሶስቱ ጎማዎች ስር ደግሞ የሚዛኑን ቁመት የሚያክል ጣውላ ታደርጋላችሁ፣ አለበለዚያ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ያጋድልና ቁጥሩ ይዋሻችኋል። የኛዋ ከፊት በየጎማው 105 ገደማ፣ ከኋላ በየጎማው 175 ገደማ መጣ፣ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ማለት ነው። ከዛ ሁለት ሰው የተቀመጠ ለማስመሰል ወንበሩ ላይ አንድ ኩንታል ተኩል ጤፍ ጭነን ደግመን መዘንን። የእህል ነጋዴው መጀመሪያ ሲስቅብን ነበር፣ በኋላ ግን እሱም ቁጥሩን እየጻፈልን ነበር። እነዚህ ስምንት ቁጥሮች ወረቀት ላይ ካሉ አዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሄዳችሁም ማንም አያታልላችሁም።

ሌላው፣ የባጊ ነገር ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ብሩስ ሜየርስ የሚባል የካሊፎርኒያ ሰው እ.ኤ.አ. በ1964 የቮልስን ሞተርና ሰስፔንሽን ወስዶ የፋይበርግላስ ቦዲ ላይ ገጠመና ሜየርስ ማንክስ ብሎ ጠራት፣ ለባህር ዳርቻ አሸዋ ነው ያሰባት። በ1967 ሜክሲኮ ውስጥ ከቲኋና እስከ ላ ፓዝ በተደረገው የመጀመሪያው የባሃ ውድድር አንዷ ማንክስ ከ28 ሰአት ባነሰ ጊዜ ገብታ አሸነፈች። ልብ በሉ፣ ያሸነፈችው በቅለቷ ነው። አሸዋ ላይ ግን ችግሩ ዝላይ ነው፣ ክምሩን ወጥተህ ትዘላለህ፣ ስታርፍ አሸዋው ራሱ ግማሹን ይቀበልሃል። እኛ ጋ አሸዋ የለም። ያለው ኮረኮንች ነው፣ ክረምት ሲገባ ዋልካ ነው። ኮረኮንች ላይ ትልቅ ዝላይ የለም፣ ግን በየሰከንዱ ትንሽ ትንሽ ምት አለ፣ ሰአት ሙሉ አያቆምም። ስለዚ ኢንተርኔት ላይ ለአሸዋ ክምር ተብሎ የሚታየውን ሁሉ እንዳለ መገልበጥ አያስኬድም።

ለኛ መንገድ ገንዘቡ መውጣት ያለበት አሞርዛተሩ ላይ ነው። ሞላው ወይም በሞላ ፋንታ የሚሰራው ቶርሽን ባር ክብደቱን ይሸከማል እንጂ መወዛወዙን አያቆምም፣ ሚያቆመው አሞርዛተሩ ነው፣ ውስጡ ያለው ፒስተን ዘይቱን በትንንሽ ቀዳዳ እያሳለፈ መወዛወዙን ወደ ሙቀት ይቀይረዋል። እንደ ቆርቆሮ የተሸነሸነ መንገድ ላይ ግማሽ ሰአት ከተነዳ በኋላ ርካሹ አሞርዛተር ይግላል፣ ዘይቱ ከአየር ጋር ተደባልቆ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ምንም አይዝም። መጀመሪያ ጥሩ የነበረችው መኪና የጁቤ ሳትደርስ እንደ ጀልባ ትንሳፈፋለች። በናይትሮጅን ጋዝ የተገፋ አሞርዛተር ዘይቱ አረፋ እንዳይሆን ስለሚጫነው ረጅም ይቆያል። ባለ አንድ ቧንቧው ሙቀቱንም ቶሎ ወደ ውጪ ያወጣል፣ ግን የፒስተኑ መሄጃ ያ አንዱ ቧንቧ ስለሆነ ድንጋይ ሰርጎድ ካደረገው ፒስተኑ እዛው ይያዛል። እኛ ከአሮጌ ጎማ ቆርጠን መከላከያ አለበስነው፣ እስካሁን ይዟል።

አንድ ቀላል መፈተሻ ልንገራችሁ። ኮረኮንች ነድታችሁ ስትቆሙ አራቱንም አሞርዛተር በእጃችሁ ንኩ፣ ቀስ ብላችሁ ብቻ፣ ያቃጥላል። ሶስቱ ግለው አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ቀዝቃዛው ሞቷል፣ ስራ እየሰራ አይደለም። ደግሞ የፒስተኑ ዘንግ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሩበት፣ ስትነዱ ወደ ዘንጉ ጫፍ ይገፋል፣ ስትመለሱ ምን ያህል እንደገባ ታዩታላችሁ። ሁሌ እስከመጨረሻው ከተገፋ ለስልሷል ወይ ጎሚኒው (ላስቲኩ) አልቋል፣ ግማሽ እንኳ ካልሄደ ጠንክሯል። ሰው ተቀምጦበት ቁጭ ሲል ከሙሉ ጉዞው አንድ ሶስተኛ ገደማ ቢወርድ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ይፈልጋል። እናንተ ያላችሁት ከፍ አርገህ ወጥረው ከሆነ ግን ወደ ታች የሚቀረው ጉዞ አይኖርም፣ ጎማው ጉድጓዱ ላይ አየር ላይ ይቀራል።

የቮልስን ከፍታ ለማስተካከል ደግሞ አዲስ ሞላ መግዛት አያስፈልግም፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። ከኋላ ያለው ቶርሽን ባር ማለት ሲጠመዘዝ መልሶ የሚገፋ ወፍራም ዘንግ ነው፣ በውስጠኛው ጫፉ 40 ጥርስ አለው፣ በውጪው 44። ውስጡን አንድ ጥርስ ብታዞሩት 9 ዲግሪ ይዞራል፣ ውጪውን አንድ ጥርስ ወደ ኋላ ብትመልሱት 8 ዲግሪ ከ10 ደቂቃ (ደቂቃ የዲግሪ ስልሳኛ ነው) ይመለሳል፣ የሁለቱ ልዩነት 50 ደቂቃ ብቻ ነው፣ አንድ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። በዚህ መሀል የፈለጋችሁትን ከፍታ ታገኛላችሁ፣ ሳንቲም ሳታወጡ። ሳትፈቱት በፊት ጎማውን የሚይዘው ክንድ የነበረበትን ቦታ በኖራ ምልክት አርጉበት፣ ዘንጉንም ቡጨራ እንዳይነካው ተጠንቀቁ፣ ትንሽ ጭረት የስብራት መጀመሪያ ነው። ግራና ቀኙም አይለዋወጥም፣ ፋብሪካው አንዱን ለአንድ ጎን ብቻ ነው የጠመዘዘው።

የፊቱ ሌላ ነው፣ ሁለት ቧንቧ ውስጥ የተደራረቡ ስስ ብረቶች ናቸው። ባጊ ላይ የፊቱ በጣም ስለሚቀል ከድርድሩ የተወሰኑትን መቀነስ ይቻላል፣ ግን ጫፍና ጫፉ ላይ ቦታውን የሚሞላ ቁራጭ ካልተተወ ክንዱ ይላላና መሪው ይዋልላል። ልጁ ደግሞ መኪናዋ የስንት አመት እንደሆነች ይይ፣ እስከ እ.ኤ.አ. 1965 የተሰሩት የፊት ጎማቸው በኪንግ ፒን፣ ማለት በቀጥ ያለ ዘንግ ላይ የሚዞር ናቸው፣ ከዛ በኋላ ያሉት ቦል ጆይንት፣ ማለት እንደ ኳስ ያለ መገጣጠሚያ ያላቸው ናቸው። ቦል ጆይንት ያላትን በጣም ከፍ ካረጋችኋት መገጣጠሚያው ማእዘን ያጣና ይነክሳል፣ ይሰበራል። ኪንግ ፒን ያላት የበለጠ ትንቀሳቀሳለች፣ ግን ግራሶ በየጊዜው ትፈልጋለች፣ ከተረሳች ትበላለች።

እኛን የገለበጠን የኋላው ነው። የድሮዋ ቮልስ የኋላ ሰሚያሷ፣ ማለት ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ፣ ካምቢዮው ጋ ብቻ ነው የሚታጠፈው፣ ጎማው ሲወርድ እግሩን ወደ ውስጥ ይሰበስባል። መኪናዋን ከፍ ባደረጋችሁ ቁጥር ጎማው እንደተሰበሰበ ይቆያል፣ ኩርባ ላይ ደግሞ እሱ ላይ ተንተርሳ ትነሳለች። ሁለተኛ ጊዜ ስንሰራት ዝቅ አደረግናት፣ ከዛም ከጭነት ማሰሪያ ቀበቶ ቆርጠን ክንዱ ከተወሰነ በላይ እንዳይወርድ አሰርነው። ቀበቶው አሞርዛተሩ ተዘርግቶ ሳያልቅ በፊት መወጠር አለበት፣ አለበለዚያ ምቱን ሁሉ አሞርዛተሩ ይቀበልና ራሱ ይነቀላል። ቮልስዋገን ራሱ ለአሜሪካ በላካቸው የእ.ኤ.አ. 1969 ሞዴሎች ላይ ይሄንን አሰራር ቀይሮታል፣ ሰሚያሱ በሁለቱም ጫፍ የሚታጠፍ ሆኗል። ልጁ እንደዛ ያለች ካገኘ እድለኛ ነው።

ጎማውን አተልቅ ያላችሁትም ላይ ትንሽ። ትልቅ ጎማ ከበድ ይላል፣ አሞርዛተሩም ፍሬኑም ያንን ክብደት መቆጣጠር አለባቸው፣ 40 ፈረስ ጉልበት የማይሞላ ሞተርም ዳገት ላይ ይደክማል። ለማርቆስ ዳገት ልክ አይደለም። እኛ ቀጭን የፊት ጎማ፣ ትንሽ ሰፋ ያለ የኋላ ጎማ አድርገን 18 ፒኤስአይ ነው ምንሞላው። ከዛ ሲቀንስ ድንጋይ ላይ ከመነዳሪውን (የውስጥ ጎማውን) ቸርኬው ይቆነጥጠዋል።

አዘጋጆቹን የምለምነው በሚቀጥለው እትም ይሄንን እርማት እንድታወጡ ነው። በ2016 የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ወጣቱ አሮጌ መኪና እየፈለገ እየሰራ ነው፣ ጥሩ ነገር ነው፣ እጁን የሚያፍታታ ነው፣ ግን ጋዜጣ ላይ የወጣ ነገር እውነት ነው ብሎ ነው የሚቀበለው። ዋጋ ከመዘርዘር ይልቅ እንዴት እንደሚለካ ብትጽፉ ብዙ ሰው ታድናላችሁ። ቦካላና ጎሚኒ (የመገጣጠሚያው ቀለበትና ላስቲክ) ያለቀባት መኪና ላይ አዲስ አሞርዛተር መግጠምም ብር መጣል እንደሆነ ንገሯቸው፣ መጀመሪያ የላላው ይጠበቅ።

ለቢቸናው ልጅ፣ ወንድሜ፣ የፒካፑን ሞላ ገና ካልገዛህ አትግዛ። ከኛ መኪና የፊት ድርድር የቀነስናቸው ብረቶች በግራሶ ተቀብተው በጨርቅ ተጠቅልለው አሉ፣ ጫፍ ላይ የምትተዋቸውን ቁራጮች እንዴት እንደቆረጥናቸውም እነሱ ላይ ታየዋለህ። ማርቆስ ከመጣህ መኪናዋ ቅዳሜ ቅዳሜ አውቶቡስ ተራው ጀርባ ትቆማለች፣ ቀይ ቀፎ ያላት እሷ ናት፣ ስሯ ገብተህ ቀበቶውን ለካው።