ዶማ ላነሳው ወዳጄ

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ከሁለታችን መጀመሪያ ማን ዝም እንዳለ ለመመርመር አልነሳም፤ ብንተሳሰብ ዕዳው እኩል መሆኑ አይቀርም። ዛሬ ብዕር ያስያዘኝ ስለ አንተ የሰማሁት ወሬ ነው። ጡረታ ከወጣህ ወዲህ ዶማ ጨብጠህ ግቢውን ስትገለብጠው ትውላለህ አሉ። ዕድሜውን ሙሉ ከጠረጴዛ ኋላ የኖረ ሰው እንዲህ ሆነ ሲሉኝ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ወገብህ ትዝ አለኝና ወረቀት ሳብኩ።

ከአንተ ቀድሜ አፈር የነካሁ ስለሆንኩ ብመክርህ አትቀየመኝ። የጓሮ ሥራ ሰላማዊ መስሎ ስለሚታይ ሰው አይጠነቀቅለትም። መጋዝ የያዘ አናጢ ጣቱን ያስባል፤ አበባ ሊያርም የወጣ ሰው ግን ነጠላ ጫማ አጥልቆ ባዶ እጁን እሾህ ውስጥ ይሰዳል። ከመሣሪያው ሁሉ አብልጬ የምፈራው ደግሞ «ይህችን ብቻ ልጨርስ» የሚለውን ሐሳብ ነው። ክንድ ሲዝል ዶማው ካለምክበት ቦታ አያርፍም፤ እግር ሲከብድ የውሃ ጎማውም የዛፍ ሥሩም ያደናቅፋል። አረሙ ነገም እዚያው ነው፤ የሚቆጣህ አለቃም የለህም። ሥራው እስኪያልቅ አትጠብቅ፤ ገና ጉልበት ሳለህ አቁም።

ወገብን የሚጎዳው ክብደት ብቻ እንዳይመስልህ። ጎንበስ ብሎ መቆየትና ሸክም ይዞ መጠምዘዝ የባሰ ነው። አካፋውን ሞልተህ እግርህን ሳታነሳ ወገብህን ብቻ አዙረህ አፈር አትወርውር፤ እግርህም አብሮ ይዙር። አካፋውን ደግሞ ግማሽ ብቻ ሙላው። 10 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ውሃ ሲሞላ 10 ኪሎ ይመዝናል፤ ያው ባልዲ በእርጥብ አፈር ሲሞላ ከ15 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ዓይን ይህን ልዩነት አያይም፤ የሚያውቀው ወገብ ነው። ከመሬት ስታነሳ ጉልበትህን እጠፍ፣ ሸክሙን ወደ ሰውነትህ አስጠጋ። የዶማህ እጀታ አጭር ከሆነ በረጅም ለውጠው፤ ሰው ለእጀታ ሲል መጉበጥ የለበትም። ቆፍረህ ግማሽ ሰዓት ሲሞላህ ቀና በልና ወደ ሌላ ሥራ ዙር። ስታርም ከመጎንበስ መንበርከክ ይሻላል፤ ከጉልበትህ ሥር ወፍራም ነገር አንጥፍ።

ስለ ስለት አንድ ነገር ልንገርህ። ብዙ ሰው የተሳለውን መቀስ ይፈራል፤ እኔ የምፈራው የደነዘዘውን ነው። የደነዘዘ መሣሪያ ኃይል ይጠይቃል፣ ኃይል ሲበዛ ያንሸራትታል፣ ሲያንሸራትት ቅርንጫፉን ወደያዘው እጅ ይመጣል። ባለ ጥርሱን ሣር መሰብሰቢያ ደግሞ ጥርሱን ወደ ላይ አድርገህ መሬት ላይ አትተወው፤ የረገጠው ሰው እግሩ ይወጋል፣ እጀታውም ተነስቶ ግንባሩን ይመታዋል። ለሚያይ ሰው ያስቃል፤ ለተመታው አያስቅም።

ለዓይንህ ግን ከሁሉ ይልቅ እሰጋለሁ። ተክል የምትደግፍበት ቀጭን ካስማ ከላይ ሲታይ ነጥብ ስለሚያክል ጎንበስ ስትል አታየውም። ጫፉ ላይ ትንሽ ቆርቆሮ ወይም የፕላስቲክ ጠርሙስ ድፋበት። ስትገርዝም መነጽር አድርግ። እንደ ቅንጭብ ያሉ ነጭ ወተት የሚያወጡ ተክሎችን ከቆረጥክ እጅህን ሳትታጠብ ፊትህን አትንካ፤ ወተቱ ዓይን ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ እጠበውና ወደ ሐኪም ሂድ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙ ደም የሚያፈስስ ቁስል ስለሚያስደነግጥ ወዲያው ይታጠባል፣ ይታሰራል። እሾህ ወይም ዝገት የያዘ ሽቦ ወግቶ የሚተዋት ትንሽ ቀዳዳ ግን ወዲያው ትደፈናለችና ትረሳለች። የመንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣው ባክቴሪያ አፈርና የእንስሳት ፍግ ውስጥ ይኖራል፤ የሚመቸውም አየር የማይደርስበት ጠባብና ጥልቅ ቁስል ነው። ዝገቱ ራሱ በሽታውን አያመጣም፤ አደጋው ከቆሻሻው ነው። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ይታያል፤ መንጋጋ ሲጠነክር ደግሞ ነገሩ ከባድ ሆኗል ማለት ነው። ክትባቱ በየ10 ዓመቱ ይታደሳል። ጥልቅና ቆሻሻ የነካው ቁስል ካገኘህና ከመጨረሻው ክትባትህ 5 ዓመት ካለፈ፣ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ አጥበህ ሳትውል ሳታድር ጤና ጣቢያ ሂድ። አንተ የመጨረሻውን መቼ ነው የወሰድከው? እውነቱን ጻፍልኝ። ካላስታወስክ በዚህ ሳምንት ሂድና ጠይቅ።

የብስባሽ ከረጢት ስትከፍት ፊትህን አርቅ፣ ብናኙም እንዳይነሳ ውሃ አርከፍክፍበት፤ ሳንባ የሚጎዳ ሌላ ባክቴሪያ እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ሣር ማጨጃው ላይ የተጠመጠመ ነገር ካለ መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀል፣ ከዚያ እጅህን ስደድ። ስለ ፀሐይና ስለ ውሃ መጠጣት አልነግርህም፤ እሱን ባለቤትህ እንደምትነግርህ እርግጠኛ ነኝ።

ደግሞ ከአጥሩ በላይ የወጣውን ዛፍ ልትገርዝ አስበሃል የሚለው ወሬ እውነት ከሆነ፣ ሰው ሳይኖር መሰላል ላይ እንዳትወጣ። በ4 ሜትር ከፍታ የሚደገፍ መሰላል እግሩ ከግንዱ 1 ሜትር ይራቅ፤ መሬቱ ለስላሳ ከሆነም ሰፊ ጣውላ ሥሩ አስቀምጥ። እጅህ የማይደርስበትን ቅርንጫፍ ተዘርግተህ ለመያዝ አትሞክር፤ ወርደህ መሰላሉን አዛውር። በሚቀጥለው ወር ልመጣ አስቤያለሁ። እኔ እስክደርስ ዛፉን አትንካው፤ መሰላሉን እይዝልሃለሁ፣ የምትቆርጠውን ግን አብረን እንመርጣለን፤ በዚህ ጉዳይ የአንተን ዓይን አላምንም።

የምትናፍቀው ወዳጅህ