ዘይት ከመግዛትሽ በፊት

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ለመኪናዬ ሞተር ሲንተቲክ ዘይት (በፋብሪካ የተቀመመውን) ልግዛ ወይስ ሚኒራል (ከድፍድፍ ነዳጅ የተጣራውን) ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። በስልክ ስለተጣደፍን ረጋ ብዬ ልጻፍልሽ ብዬ ነው።

መጀመሪያ የመኪናሽን ማኑዋል፣ ማለትም የመመሪያ መጽሐፉን ግለጪ። የሞተር ዘይት የሚለው ገጽ ላይ ሁለት ነገር ታገኛለሽ። አንዱ ውፍረቱ ነው፤ 0ደብሊው-20 ወይም 5ደብሊው-30 ዓይነት ቁጥር። ሌላው የጥራት ደረጃው ነው፤ ለምሳሌ ኤፒአይ ኤስፒ (ኤፒአይ ደረጃውን የሚያወጣው የአሜሪካ የፔትሮሊየም ተቋም ነው፣ ኤስፒ የደረጃው ስም)። የምትገዪው ዘይት ሁለቱንም ማሟላት አለበት። ማኑዋሉ ሲንተቲክ ብቻ ካለ ደግሞ አለቀ፤ ማንም ሌላ ቢልሽ እንዳትሰሚ።

ምርጫውን ለአንቺ ከተወልሽም እኔ የምመክርሽ ሲንተቲክ ነው፤ መኪናሽ ቱርቦ (ወደ ሞተሩ አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) አላትና። ቱርቦ በጣም ይግላል። ሚኒራል ዘይት እዚያ ሙቀት ላይ ቶሎ ያረጅና ጥቀርሻ ይሠራል፤ ጥቀርሻው ቀጭኑን የዘይት መተላለፊያ ይደፍናል። ሲንተቲክ ሙቀቱን ይችለዋል። በብርድ ጠዋት ሞተር ስታስነሺም ወደ ሞተሩ ክፍሎች ቶሎ ይደርሳል። ሚኒራል መጥፎ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ማኑዋሉ ለፈቀደለት ቀላል ሞተር በጊዜው ከተቀየረ ይበቃል።

ሲንተቲክ ከጀመርሽ ወደ ሚኒራል መመለስ አይቻልም የሚሉሽ አሉ። እውነት አይደለም። ሁለቱ ይቀላቀላሉ። መንገድ ላይ ዘይት ቢጎድልብሽ ውፍረቱና ደረጃው የሚስማማውን ጨምሪበት።

ኩባንያው ለመኪናሽ የሰጠው ዋስትና ነገር ነው የሚያሳስበኝ። ሲንተቲክ ነው፣ ረጅም ይሄዳል ብለሽ ማኑዋሉ ለዘይት ቅያሪ ከወሰነው ኪሎ ሜትር ወይም ወር እንዳታሳልፊ። ቀድሞ የደረሰው ነው የሚሠራው። አቧራ ላይ ወይም አጭር አጭር ርቀት የምትነጂ ከሆነ ደግሞ ማኑዋሉ ከዚያም ያሳጥርብሻል።

«ዘይት ቅያሪ» ብቻ የሚል ደረሰኝ አትቀበይ። የዘይቱ ስም፣ ውፍረቱ፣ ደረጃው፣ ቀኑና መኪናው የሄደበት ኪሎ ሜትር ይጻፍልሽ። ፊልትሮውም አብሮ ይጠቀስ። ሞተሩ ቢበላሽ ኩባንያው መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ይህን ወረቀት ነው። የዋስትና ውሉ ስለ ጋራዥ ምን እንደሚልም አንብቢ፤ ሰርቪሱን የት ማስደረግ እንደምትችይ እዚያው ላይ አለ።

የዘይቱን ገጽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ከመግዛትሽ በፊት አብረን እናየዋለን።

የሚወድሽ አባትሽ