የዓባይን መዝገብ ያነበበው ሰው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ከረማችሁ? ስለ ዓባይ የምታወጡትን ሁሉ አነባለሁ። ስለ ግድብ፣ ስለ ድርድር፣ ስለ ፖለቲካው። እንዲህ ሆኖ ሳለ የዓባይን ውሃ ሲያጠና ስለኖረው እንግሊዛዊ ስለ ሃሮልድ ኤድዊን ኸርስት አንድም ቀን አለመጻፋችሁ ያሳዝነኛል።

ኸርስት በ1880 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ሌስተር አካባቢ ተወለደ። በ15 ዓመቱ ትምህርት አቋርጦ አናጢነት የለመደ ልጅ ነው፤ በማታ ትምህርት ገፍቶ ኦክስፎርድ ገባና ፊዚክስ አጠና። በ1906 ካይሮ ሄደ፣ ከ60 ዓመት በላይም ከዚያ ወንዝ ሥራ አልተላቀቀም። ግብፆች «አቡ ኒል» (የዓባይ አባት) ብለው ይጠሩታል።

ኸርስት የያዘው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ግድብ በክፉ ዘመን እንዳይደርቅ ምን ያህል ውሃ መያዝ አለበት? የዚያን ጊዜው ስሌት የዘንድሮው ውሃ ከአምናው ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው ይቆጥር ነበር። ኸርስት ግን ካይሮ ባለችው የሮዳ ደሴት ላይ ከ622 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተጻፈውን የወንዙን ከፍታ ይዞ ሲያሰላ ነገሩ አልገጥም አለው። የዝናብ፣ የሙቀት፣ የዛፍ ቀለበት፣ የሐይቅ ደለል መዝገቦችን በመቶዎች አገላብጦ ያው ሆኖ አገኘው፦ ድርቅ ዓመቶች ተከታትለው ይመጣሉ፣ ጥጋብ ዓመቶችም እንዲሁ፣ ስለዚህ ግድቡ ከተገመተው በላይ ትልቅ መሆን አለበት። ይህን በ1951 ሲያሳትም 71 ዓመቱ ነበር! በኋላ ማንደልብሮት የተባለው የሒሳብ ሊቅ ነገሩን በዮሴፍ ስም ሰየመው፤ ሰባቱን የጥጋብና ሰባቱን የረሃብ ዓመታት አስቦ ነው።

እኛን በጣም የሚመለከተን እዚህ ላይ ነው። ሮዳ ላይ በየዓመቱ ይጻፍ የነበረው የሙላት ከፍታ በዋናነት የኢትዮጵያ ክረምት ያመጣው ውሃ ነበር። የኛን ዝናብ ታሪክ ሌላ አገር ጽፎ አኖረልን ማለት ይቻላል። ኸርስት በ1978 ሞተ። ወዲያው ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓባይ ለዓመታት አነሰ፣ በኛ አቆጣጠር የ77ቱ ድርቅም በዚሁ መሐል ነው የመጣው። ከግብፅ አስዋን ግድብ ጀርባ ያለው የናስር ሐይቅ እየጎደለ ጎድሎ ያተረፈው የ1988 እ.ኤ.አ. ክረምት ነው።

የ20 ወይም የ30 ዓመት መረጃ ብቻ ይዞ ድልድይና ግድብ የሚነድፍ መሐንዲስ ምናልባት አንድ የጥጋብ ወቅት ብቻ ለክቶ ሊሆን ይችላል፣ ይህ በጣም ያሳስበኛል። የአየር ንብረቱም እየተለወጠ ነው፣ ያ ደግሞ ሌላ ጭንቀት።

እባካችሁ በየገጠሩ ጣቢያ ማለዳ ማለዳ ዝናብ የሚለኩትን ሰዎች ሄዳችሁ አነጋግሯቸው። በአርባ ምንጭም ሆነ በባሕር ዳር ሃይድሮሎጂ (የውሃ ጥናት) ተምረው የጨረሱ ልጆች እንደ ኸርስት በአንድ ወንዝ ላይ ዕድሜያቸውን ላሳልፍ ቢሉ ማን ደመወዝ ይከፍላቸዋል? የድሮው መዝገብስ ለሚመራመር ሁሉ ክፍት ነው? ይህን የሚመለከታቸውን ጠይቃችሁ መልሱን አትሙልን።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ