የላይኛውን ካቢኔት ግድግዳው ይሸከመዋል ወይ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን በቤት አምዳችሁ የኪችን ካቢኔትን በራስ ስለ መግጠም ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ደስ ብሎኛል። እኔም ደብረ ብርሃን ያለውን ቤታችንን ካቢኔት ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሆኜ ነው የገጠምኩት። አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ቀብድ ተቀብሎኝ "ከፋሲካ በኋላ" አለኝ። ፋሲካ አለፈ። "ሰኔ ሳይገባ" አለኝ። ያኔ ቆርጬ ተነሳሁ። ጽሑፋችሁ ግን አንድ ትልቅ ነገር ዘሎታል፤ ግድግዳውን።

እኛ አካባቢ አዲሱ ቤት በአብዛኛው ብሎኬት ነው፤ የቆየው ጭቃ። ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ክፍት ነው። በድሪል ስትበሱት መጀመሪያ ይታገላችኋል፤ ግራጫ አቧራ ይወርዳል። ጥቂት ሳንቲሜትር እንደገባ ግን ድሪሉ ድንገት ስምጥ ይላል። ክፍተቱ ጋ ደረሰ ማለት ነው። እዚያ የገባ ተራ ፊሸር፣ ማለትም ብሎኑን የሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ፣ የሚነክሰው ነገር የለውም። ብሎኑን ስታጠብቁት አብሮ ይዞራል። ለፎቶ ፍሬም ይሄ ምንም አይደለም። ድስት፣ ሳህን፣ የበርበሬና የሽሮ ዕቃ ለሚጫንበት ካቢኔት ግን አይሆንም።

የፊዚክስ መምህርት ነኝና ይህን ልጨምር። የተሰቀለ ካቢኔት የሚጎትተው ቁልቁል ብቻ አይደለም። ክብደቱ ከግድግዳው ወደ ፊት የወጣ ስለሆነ የታችኛው ጠርዝ ግድግዳውን ይገፋል፤ የላይኛው ብሎን ወደ ውጭ ይነቀላል። ካቢኔቱ ወደ ፊት በረዘመ ቁጥር ጉተታው ይብሳል። የታችኛው ካቢኔት 60 ሳንቲሜትር ጥልቀት ሲኖረው የላይኛው ከ30 እስከ 35 የሚሠራበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሥሩ የሚቆመው ደግሞ ልጅ ሊሆን ይችላል። የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው።

እኛ መጀመሪያ ግድግዳውን በጣታችን አንኳኳነው። ክፍት የሆነው ቦታ ይጮኻል፤ ኮለኑና ቢሙ (የኮንክሪት ምሰሶውና አግዳሚው) ግን ድፍን ድምፅ አለው። ኮለን በሌለበት፣ ብሎኑ የሚያርፍበትን ብሎኬት ፈልፍለን ውስጡን በኮንክሪት ሞላነው። ከዚያ መታገሥ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ሲሚንቶ ቶሎ አይጠነክርም፤ ብርዱ ያዘገየዋል። የጥቅምትና የኅዳር ውርጭማ አይጣል ነው! ኮንክሪቱ በደንብ ከያዘ በኋላ ነው የበሳነው። ከካቢኔቱ ሥር ደግሞ ረጅም አግዳሚ ጣውላ ግድግዳው ላይ አሰርን። ስትሰቅሉ ክብደቱን ይቀበላል፤ ከተሰቀለም በኋላ ያግዛል። ለዚህ እርጥብ ባሕር ዛፍ እንዳትጠቀሙ። ሲደርቅ ይጠማዘዛል፤ ይሰነጠቃል።

ጭቃ ቤት ያላችሁ ፊሸርን እርሱት። ልስኑን እያንኳኳችሁ ውስጥ ያለውን ቋሚ እንጨት ፈልጉና የእንጨት ብሎን በቀጥታ እሱ ላይ እሰሩ። ቋሚውን ምስጥ ከበላው የላይኛው ካቢኔት ይቅርባችሁ። ከወለል የሚነሳ ቁም ሣጥን መሳይ መደርደሪያ ይሻላል።

ልኬቱን በተመለከተ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ግንበኞቻችን የሚይዙት ግልጽ የውሃ ጎማ ይበቃል። አረፋ ሳይኖረው ውሃ ሙሉበት፤ ሁለቱን ጫፍ በሁለቱ የግድግዳ ጥግ ያዙ። ውሃው በሁለቱም በኩል አንድ ከፍታ ላይ ይቆማል። እዚያ ምልክት አድርጉ። ወለላችሁ ቀጥ ያለ ነው ብላችሁ አትመኑ፤ ከወለሉ ከፍ ካለው ቦታ ጀምሩ።

ሌላው የሚያንገበግበኝ የምጣዱ ጉዳይ ነው። ሰው ካቢኔት የሚያሠራው ከውጭ አገር ፎቶ እያየ ነው። ፎቶው ላይ ምጣድ የለም! ከዚያ ምጣዱ ጥግ ተወትፎ፣ ልክ በላዩ ካቢኔት ይሰቀላል። አክንባሎው በተከፈተ ቁጥር እንፋሎቱ ቀጥ ብሎ የካቢኔቱን ሆድ ይመታል። ካቢኔት የሚሠራባቸው ቺፑድና ኤምዲኤፍ፣ ማለትም ከተፈጨ እንጨት ተጨምቀው የሚሠሩ ጣውላዎች፣ እርጥበት አይችሉም። የተቆረጠው ጠርዛቸው ውሃ ይጠጣል፤ እንደ እርሾ ይነፋል፤ ብሎኑም ይላላል። ስለዚህ ከምጣዱ በላይ ባዶ ይሁን፤ ቢቻል መስኮት ይሁን። የላቫንዲኖው ቀዳዳ ሲቆረጥም ጠርዙን ዙሪያውን በሲሊኮን ድፈኑት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ መስመሩን ለብቻው ኤሌክትሪሻን ይዘርጋላችሁ። እሱን ራሴ ልሞክር አትበሉ።

የጋዝ ሲሊንደር ካቢኔት ውስጥ የምታስቀምጡም አላችሁ። ያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ቢያፈተልክ ወለል ላይ ነው የሚተኛው። የአየር ማስወጫ ቀዳዳው በካቢኔቱ ታች በኩል ይሁን።

እንጨት ሥራ ቤቶችንም የምለምነው አለ። ቆርጣችሁ ስትሸጡልን ለየትኛው ግድግዳ የትኛው ብሎን እንደሚሆን በአንድ ወረቀት በአማርኛ ጻፉልን። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ቅዳሜ ቅዳሜ ለቤት ባለቤቶች አጭር ሥልጠና ቢሰጡ፣ ከመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች አንዷ እኔ ነኝ።

እናንተ ደግሞ ለሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ፎቶውን ከብሎኬት ቤት፣ ምጣድ ካለበት ኪችን አንሡልን። ፎቶ አንሺያችሁ ወደ ደብረ ብርሃን ብቅ ካለ ቤቴ ክፍት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለተኛ ደረጃ መምህርት፣ ከደብረ ብርሃን