«ስንት ሠርተዋል?» ብሎ ሐኪምን መጠየቅ ነውር አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

የጨጓራ ዕጢን ሆድ ሳይከፈት፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች በኩል ስለማውጣት ያቀረባችሁትን ዘገባ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ዘዴው «ከቀድሞው ይልቅ አስተማማኝ ነው» ተብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር መታለፉ ግን፣ በኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ለ14 ዓመት መሣሪያ ሳቀብል ለኖርኩት ለእኔ አልተዋጠልኝም። ሕመምተኞችና ቤተሰቦቻቸው ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁን «በካሜራ ነው አይደል የሚሠራው?» ብለው ነው። አዎ ሲባሉ ፊታቸው ይፈታል፤ ተከትሎ መምጣት የነበረበት «ስንት ሠርተዋል?» የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይመጣም።

በእርግጥ ዘዴው የሚታመንበት በቂ ምክንያት አለ። ጃፓናዊው ሐኪም ሴይጎ ኪታኖ እ.ኤ.አ. በ1991 በጨጓራ ካንሰር ላይ ከሞከሩት ወዲህ በብዙ አገሮች ተፈትኗል። በደቡብ ኮሪያ የመጀመሪያ ደረጃ የጨጓራ ካንሰር የተገኘባቸው 1,416 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ በላፓራስኮፒ፣ ማለትም በካሜራና በትንንሽ ቀዳዳዎች፣ የቀሩት ሆዳቸው ተከፍቶ እንዲታከሙ ተደርጓል። ከሕክምናው በኋላ ችግር የገጠማቸው ከመጀመሪያዎቹ 13 በመቶ፣ ከሁለተኞቹ 19.9 በመቶ ሲሆኑ፣ ልዩነቱ በአብዛኛው የመጣው ከቁስሉ ነው፤ ትንሽ ቁስል የሚያመረቅዝበት ዕድል ትንሽ መሆኑ አያስገርምም። ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት ደግሞ 94.2 እና 93.3 በመቶ ነበሩ። ካንሰሩ ገፋ ባለባቸው 1,056 ቻይናውያን ላይ በተደረገው ጥናትም በሽታው ሳያገረሽባቸው 3 ዓመት የቆዩት በላፓራስኮፒ ከተሠሩት 76.5፣ ሆዳቸው ተከፍቶ ከተሠሩት 77.8 በመቶ በመሆናቸው፣ በላፓራስኮፒ መሠራት ሕመምተኛውን እንዳልጎዳ ታውቋል።

እነዚህ ቁጥሮች ግን የተመዘገቡት በተፈተኑ እጆች ነው። በኮሪያው ጥናት ለመሳተፍ አንድ ሐኪም ቢያንስ 50 ጨጓራ በላፓራስኮፒ፣ 50 ደግሞ ሆድ ከፍቶ የሠራ መሆን ነበረበት፤ ሆስፒታሉም በዓመት ከ80 በላይ እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና የሚያደርግ። በኔዘርላንድስ በ10 ሆስፒታሎች 227 ሕመምተኞችን ያሳተፈ ጥናት ሲካሄድ በችግሮች መጠን ልዩነት አልታየም፤ ሆስፒታል የተቆየበት መካከለኛ ጊዜም በሁለቱም ወገን 7 ቀን ነበር። ስለዚህ «ቶሎ ቤትዎ ይገባሉ» የሚለው ተስፋ እንኳ በሁሉም ቦታ እኩል አይሠራም።

ከውጭ ሲታይ ቀዳዳው ስለሚያንስ ውስጡ የሚሠራውም ያነሰ ይመስላል። ሆዱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ተነፍቶ፣ ረጃጅም መሣሪያዎች ገብተው የሚቆረጠው ጨጓራ ያው ነው፤ ካንሰር ከሆነ ንፍፊት የምንላቸው የሊምፍ ዕጢዎችም ከደም ሥሮቹ ላይ አንድ በአንድ መለቀም አለባቸው። ሐኪሙ በጣቱ የመዳሰስ ዕድሉን ያጣል። ገና ትንሽ የሆነ ዕጢ ከጨጓራው ውጪ ስለማይታይ፣ አስቀድሞ በኢንዶስኮፒ፣ በአፍ በኩል በሚገባ ካሜራ፣ ካልተመለከተ የት ላይ እንደሚቆረጥ ማወቅ ያስቸግራል። ጂስት የሚባለው፣ ከጨጓራው ግድግዳ የሚነሣው የዕጢ ዓይነት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ንፍፊት መልቀም ስለማያስፈልገው ቀላል ቢመስልም፣ ልባሱ ስስ ነው፤ በመቆንጠጫ ተይዞ ከፈነዳ ሴሎቹ በሆድ ውስጥ ተበትነው በሽታው የሚመለስበት ዕድል ከፍ ይላል። ከተቆረጠ በኋላ በከረጢት ተጠቅልሎ፣ ለዚሁ በሰፋ ቀዳዳ በኩል የሚወጣው ለዚህ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጂስት የነበረባቸው አንዲት እናት በላፓራስኮፒ ሲሠሩ፣ ዕጢው ጉሮሮና ጨጓራ ከሚገናኙበት ቦታ ተጠግቶ ተገኘ። ሐኪሙ መቆንጠጫውን ሁለት ጊዜ አስጠግተው ሁለቱንም ጊዜ መለሱት፤ ከዚያ እጃቸውን አንሥተው «እንከፍታለን» አሉ። ሆድ ለመክፈት የሚያስፈልገው መሣሪያ ከጎኔ ተዘጋጅቶ ስለነበር ጊዜ አልባከነም፤ ዕጢውም ሳይፈነዳ ወጣ። ውጭ ይጠብቅ የነበረው ልጃቸው ግን ሲነገረው «ታዲያ ከሸፈ ማለት ነው?» ብሎ አዘነ። እኔ በዚያ ቀን ካየሁት ሁሉ የተሻለው ውሳኔ ያ ነበር።

በትንሽ ቀዳዳ መሥራት በራሱ ዋስትና እንዳልሆነ የማሕፀን በር ካንሰር አስተምሮናል። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ በሆነው፣ 631 ሴቶችን ባሳተፈው ጥናት፣ ለ4 ዓመት ተኩል ከበሽታው ነጻ ሆነው የቆዩት በላፓራስኮፒና በሮቦት ከተሠሩት 86 በመቶ ሲሆኑ፣ ሆዳቸው ተከፍቶ ከተሠሩት 96.5 በመቶ ነበሩ። ጨጓራ ላይ ይህ አልታየም፤ ነገር ግን እንዳልታየ የታወቀው በጨጓራው ላይ ለብቻው ስለተጠና ነው።

በእኛ አገር ሌላም ነገር ይጨመርበታል። ወደ እኛ የሚመጡት ብዙዎቹ «ጨጓራዬ ነው» እያሉ ኦሜፕራዞል ሲውጡ ከርመው፣ ክብደታቸው ከቀነሰና ምግብ አላልፍ ካላቸው በኋላ ነው። የኮሪያው 94 በመቶ ደግሞ በሽታው በመጀመሪያ ደረጃው የተገኘባቸው ሰዎች ውጤት ነው፤ በዚያ አገር ከ40 ዓመት ዕድሜ በላይ ያለ ሰው በየሁለት ዓመቱ እንዲመረመር ይደረጋል። ያንን ቁጥር ዘግይቶ ለመጣ ሕመምተኛ ማንበብ ማታለል ይሆናል።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍላችሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። አንድ ሆስፒታል የጨጓራ ዕጢን በላፓራስኮፒ ማውጣት መጀመሩን ሲነግራችሁ፣ ባለፈው ዓመት ስንት እንደሠራ፣ ከእነዚያ ስንቱ ወደ መክፈት እንደዞሩ፣ በ30 ቀን ውስጥ ስንቶቹ ሕመምተኞች ዳግም እንደተሠሩ ወይም እንደሞቱ ጠይቁልን፤ መልሱንም፣ መልስ ካልተሰጣችሁም አለመሰጠቱን፣ ከዜናው ጋር አትሙት።

ከአክብሮት ጋር
የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ፣ ከአዲስ አበባ