ሆዴ ላይ ስላለው ጉብታ

ልጄ፣

እሁድ ስትደውል "እማ፣ ያ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ኢንሱሊን ጣጣው ብዙ ነው አሉ፣ ተይው" አልከኝ። አንተ ስትደነግጥ ሰው አታስወራም። ስለዚህ ልጻፍልህ።

ጣጣ አለው፣ አልዋሽህም። ከጀመርኩ ወዲህ 4 ኪሎ ጨምሬ ቀሚሶቼ ጠበውኛል። በሽንት ይወጣ የነበረው ስኳር አሁን ሰውነቴ ውስጥ ስለሚቀር ነው አለችኝ ሐኪሟ። ለሱ እንኳን አላዝንም። ያኔ ከስቼ ስታየኝ አልቅሰህ አልነበር?

የባሰው የገዛ ስንፍናዬ ነው። ግላርጂኑን፣ ያንኑ ቀኑን ሙሉ የሚሠራውን ኢንሱሊን፣ ማታ ማታ 3 ሰዓት ላይ 22 ዩኒት እወጋ ነበር። ከእምብርቴ በስተግራ መርፌ የማያምባት አንዲት ቦታ አለች። ሁለት ዓመት እዚያችው ላይ ወጋሁ። አንድ ቀን ስዳብሰው ግማሽ እንቁላል የሚያህል ጉብታ ሆኗል። የሚያታልለው አለማመሙ ነው። ስቡ አብጦ መድኃኒቱ እዚያው ይወሸቅና አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም።

እኔ ደግሞ፣ ጉድ እኮ ነኝ፣ ማንንም ሳላማክር ወደ ጭኔ ዞርኩ። ያንኑ 22 ዩኒት! ደህና ቦታ ሲያገኝ መድኃኒቱ በሙሉ ኃይሉ ሠራ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ላብ አጥምቆኝ ነቃሁ። ፒጃማዬ ቢጨመቅ ውሃ ይወጣዋል። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ እህትህን ልጠራ ብል ምላሴ ተሳሰረ። እንዴት እንደሰማችኝ እንጃ። ስኳሬን ስትለካ 54፣ በጣም ወርዷል። አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣችኝ። 15 ደቂቃ ቆጥረን ስንለካ 81 ገባ። ከዚያ ዳቦ በልቼ ተኛሁ፤ እሷ ግን አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አነጋች።

ሐኪሟ ተቆጣችኝ፣ ደግሞም እውነቷን ነው። መጠኑን ወደ 18 አወረደችው፤ ቦታ ስቀይር ደጋግሜ እንድለካም ነገረችኝ። አሁን ሆድ ቀኝ፣ ጭን ግራ እያለች እህትህ ግድግዳው ካላንደር ላይ ምልክት ታደርጋለች። ጉብታውም እየሟሸሸ ነው። ሁዳዴንም እስከ 9 ሰዓት አልቆይም፤ የንስሐ አባቴ ፈቅደውልኛል።

እና "ተይው" የሚለው ይቅር። ስትመጣ የመለኪያዋን ወረቀት ይዘህልኝ ና፣ እዚህ ተወዷል። የማሽኗን ፎቶ እህትህ ትልክልሃለች፤ የሌላ ማሽን ወረቀት አትቀበልም። ቸኮሌቱን ለእሷ። ለእኔ ስኳሬ ሲወርድ አይሆነኝም፤ ቅባቱ ጣፋጩ ቶሎ እንዳይደርስልኝ ያዘገየዋል አሉ።

እናትህ