ቅጹ ላይ የጻፍኩት ውሸት

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአዳማ ሙቀት እንደምታውቂው ነው። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል። «ለልጅቷ እንዳትነግራት» ብላኝ ነበር፤ ይኸው ነገርኩሽ።

በስልክ ላወራሽ ሦስቴ ደውዬ ነበር። ሦስቴም ስለ መብራት መጥፋት አውርተን ዘጋን። ወረቀት ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ። 37 ዓመት ሒሳብ ክፍል የከረመ ሰው አፉ እንጂ እጁ አይሰንፍም።

የፋሲካ ዕለት ያልኩሽ ነገር እስካሁን ይከነክነኛል። አጎቶችሽ፣ አክስትሽ፣ ጎረቤት ሳይቀር በተሰበሰበበት «ባንክ ቤቱን ትተሽ በርበሬ ልትቀነጥሺ ነው ያስተማርንሽ?» አልኩ። አቦሉን ጠጥተሽ ቶናን ሳትጠብቂ ቦርሳሽን አንስተሽ ወጣሽ። እናትሽ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ስኒዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች። ከአንቺ መውጣት ይልቅ የሷ ዝምታ አመመኝ። ለምን እንደሆነ የገባኝ ግን ማታ፣ እንግዳው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝልሽ።

አራተኛ ክፍል ሳለሽ ከትምህርት ቤት ቅጽ ይዘሽ መጣሽ። የአባት ሥራ፣ የእናት ሥራ፣ የቤተሰብ የወር ገቢ ይላል። ከኔ ስም ትይዩ «የመንግሥት ሠራተኛ» ብዬ በጥሩ የእጅ ጽሑፌ ሞላሁ። ከእናትሽ ስም ትይዩ ደግሞ «የቤት እመቤት»። ይህን ስጽፍ በመስኮት ትታየኛለች። ጓሮ ሸራ አንጥፋ፣ ሁለት ኩንታል ዛላ አስጥታ፣ ሻሿን እስከ አፍንጫዋ ጠምጥማ በርበሬውን ትገለብጣለች። ታነጥሳለች፤ ትገለብጣለች። ገቢ የሚለው ላይም የኔን ደሞዝ ብቻ ጻፍኩ።

ልጄ፣ የኔ ደሞዝ ወር በገባ በ20 ቀኑ ያልቅ ነበር። የቀረውን አሥር ቀን ማን እንደሚያበላን አውቅ ነበር። ደሞዝ የሌላትን ጳጉሜንንማ ተዪው። ደሞዝተኛ በዓመት 12 ጊዜ ይከፈለዋል፣ ወሩ ግን 13 ነው። ዘይቱ፣ ደብተሩ፣ የእንቁጣጣሽ ልብስ ልክ ያኔ ተግተልትሎ ይመጣል። ደግነቱ ለአዲስ ዓመት ዶሮ ሊሠራ ያሰበ ሁሉ በርበሬ የሚፈልገውም ያኔ ነው። የእናትሽ ደጅ በጳጉሜን ወፍጮ ቤት ይመስል ነበር። እኔ ሰው ሲመጣ ጋዜጣ ይዤ ወደ ውስጥ እገባለሁ።

ለምን ብትይኝ፣ አፍር ነበር። በ1977 በ347 ብር ስቀጠር አባቴ በግ አርዷል። በኛ ጊዜ ነጋዴ ማለት በሬዲዮ «ስግብግብ» እየተባለ የሚሰደብ ሰው ነው። ነገሩ ከኛም ይቀድማል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያውን «ጠይብ»፣ ነጋዴውን «መጫኛ ነካሽ» እያለ የሚሳደብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። የፋሲካ ዕለት እሳቸው ቢኖሩ ሳልታሰር አልቀርም ነበር።

አሁን ስለ ሥራው። ምክሩ የኔ አይደለም። እኔ ያየሁትን ብቻ ነው የምጽፍልሽ።

እናትሽ ክረምት ላይ ዛላ ስትገዛ አይቻት አላውቅም። አዲሱ ምርት ገበያውን ሲያጥለቀልቀው፣ ጥር ላይ፣ የማረቆውን ትገዛለች። ለዚህም ዕቁቧን ታመቻቻለች። ዕጣዋ ቀድሞ ከወጣ ለቸገረው ትለቅና ጥር ላይ የሚደርሰውን ትወስዳለች። ዳኛው ያውቃት ስለነበር ገና ስትገባ «ጥር መጣች» ይላታል። ዛላውን ስትመርጥ ጆሮዋ አጠገብ ይዛ ታንቀጫቅጨዋለች። ፍሬው ካልተንቀጫቀጨ እርጥብ ነው፣ ሻጩ ቢምልም አትገዛም።

በ1998 ያልታሰበ ዝናብ ሌሊት ደርሶ የተሰጣውን አገኘው። ከሳምንት በኋላ ሻገተ። አንዷ ጎረቤት «ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር ሲደቆስ ሽታው ይጠፋል» አለቻት። እኔም፣ አልደብቅሽም፣ ከጎረቤቷ ጋር ነበርኩ። የሦስት ወር ደሞዜን የሚያህል ገንዘብ ነው። እናትሽ አልሰማችንም። እንዳታቃጥለው ሰፈሩን ያፍናል። ጉድጓድ አስቆፍራ ቀበረችው። ቆፋሪው እኔ ነበርኩ። በዚያ ወር ጎመን በልተን ከረምን፣ አንድም ደንበኛ ግን አልጠፋባትም። አንቺን ያስመረቀሽ እሱ ነው። ዛሬ በቴሌግራም ከዱባይና ከዋሽንግተን የሚያዙሽ ሰዎችም የሚፈልጉት ሌላ አይመስለኝም። በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት ጭምር ይቀላቀላል የሚባለውን ሰምተው የተሳቀቁ ናቸው።

ስጋቴ ግን ሁሉም አልለቀቀኝም። ባንክ ቤት ሳለሽ ለጡረታሽ ካንቺ 7 በመቶ፣ ከቀጣሪሽ 11 በመቶ ይገባ ነበር። አሁን ያንን 11 የሚያስገባልሽ የለም። አራት ዓመት ሠርተሽ ነው የወጣሽው፤ የዕድሜ ልክ አበል ደግሞ ቢያንስ 10 ዓመት ይፈልጋል። እናትሽ እስከ ዛሬ በኔ ጡረታ ነው የምትኖረው፤ ያን ሁሉ ዘመን ደክማ በስሟ ሰባራ ሳንቲም የላትም። ይህን ስጽፍ ራሴም ደነገጥኩ። አንቺ በዚህ አትምሰያት። የራስሽን ደሞዝ ቁረጪ፣ ትንሽም ብትሆን በየወሩ የማትነካ ገንዘብ አስቀምጪ። የሱቁን ብርና የቦርሳሽን ብር አታደባልቂ።

አንድ ጥያቄም አለኝ። ሒሳብ የሚይዝልሽ ሰው አለ? ከገበሬ የገዛሽው ዛላ ደረሰኝ የለውም፤ የግብር ጊዜ ሲደርስ ወጪሽን የሚያስረዳልሽ ወረቀት ስታጪ ታለቅሻለሽ። እኔ በሳምንት ሁለት ቀን አዲስ አበባ መመላለስ እችላለሁ። ኮምፒውተሩን እማራለሁ። ደሞዝ አልጠይቅም፤ በወር ሁለት ኪሎ በርበሬ ይበቃኛል። የትምህርት ማስረጃዬን ኮፒ አስገባለሁ። እየቀለድኩ እንዳይመስልሽ።

ባለፈው ሳምንት ዕድራችን መዝገብ እያደሰ ነው ብሎ ቅጽ ሰጠን። የባለቤት ሥራ የሚል አለው። መነጽሬን አድርጌ «ነጋዴ» ብዬ ጻፍኩና ለእናትሽ አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ «ሰርዘው» አለችኝ። «እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። ነጋዴዋ እሷ ናት።»

ቅጹ እስካሁን ጠረጴዛው ላይ ነው። ኮረሪማው በዕቃው ውስጥ አለልሽ፤ ነጭ አዝሙዱን አታብዢ ብላለች።

አባትሽ